እንደ ጥማድ በሬ፦ ጥንድ ሆኖ ሜዳ ስለመያዝ

ባለፈው ገና ለበዓል ሞላሌ ገብቼ ነበር። የበዓሉ ማግስት እኔና አብሮ አደጌ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት መምህራንን በመረብ ኳስ ገጠምን፤ ሁለት ለሁለት። ሁለቱም ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ናቸው። አንደኛው ብርድ ሲሆን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሞላሌ ደግሞ በታኅሣሥ ብርድ ያልሆነበት ቀን የለም። ተሸናፊ ሻይና ፓስቲ እንዲጋብዝ ተስማምተን ስንገባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ፓስቲውን በልተን የጨረስን ያህል ነበር የተሰማን።

ሦስት ዙር ተጫወትን፤ ሦስቱንም ተሸነፍን። ሲያልቅ የእኛ ላብ ይንጠፈጠፋል፤ እነሱ ሹራባቸውን እንኳ አላወለቁም። የባሰው ግን ይህ አልነበረም። ኳሷ በመሐላችን እየወደቀች «ያንተ ነበረች!» «ኧረ ያንተ ነበረች!» ስንባባል ከጓደኛዬ ጋር ተኳረፍን። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን የኖርን ልጆች በአንዲት ኳስ የተነሳ ሻዩን ሳንነጋገር ጠጣን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው መምህር ይህንን አይተው ሳቅ አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እናንተ ኳሷን ትከተላላችሁ። እኛ ቦታችንን እንጠብቃለን። ኳሷ ራሷ ወደኛ ትመጣለች።»

ይህ አነጋገር ከአእምሮዬ ሳይወጣ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ስለ ጥንድ ጨዋታ ማንበብና በስልክ ግጥሚያ ማየት ጀመርኩ። መምህሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ከሁሉም በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ሆኖ ያገኘሁት ፓደል የተባለውን ጨዋታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥንድ ተጫዋቾች በፓደል ሜዳ ላይ የት፣ መቼና ለምን እንደሚቆሙ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ፓደል አይቶ የማያውቅ አንባቢ አይጨነቅ፤ መረብ ኳስ፣ የሜዳ ቴኒስ ወይም ጆተኒ በጥንድ የተጫወተ ሁሉ የራሱን ጥፋት እዚህ ውስጥ ያገኘዋል።

ፓደል ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ፓደል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በሜክሲኮዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ አካፑልኮ ነው። ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሰው በመኖሪያ ግቢው ጠበብ ያለ ሜዳ ሠራና ኳሷ እንዳትሸሽበት ዙሪያውን በግድግዳ አጠረው። ወዳጁ አልፎንሶ ደ ሆሄንሎሄ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ስፔን፣ ማርቤላ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ወደ አርጀንቲና ተሻገረ። ዓለም አቀፉ የፓደል ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በማግሥቱ ዓመት በስፔን ተካሄደ።

ሜዳው 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት አለው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። መረቡ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ 88 ሳንቲ ሜትር፣ ዳርና ዳሩ ላይ 92። ከመረቡ በ6.95 ሜትር ርቀት ላይ የሰርቭ መስመር ተሠምሯል። ከኋላ የመስታወት ግድግዳ፣ ከጎን ደግሞ ከፊሉ መስታወት ከፊሉ የሽቦ አጥር ነው። ራኬቱ ጅማት የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድፍን ነው። ነጥብ የሚቆጠረው እንደ ቴኒስ ነው። ከቴኒስ የሚለየው ዋናው ነገር ኳሷ መሬት አንድ ጊዜ ነጥራ ግድግዳውን ብትመታም ጨዋታው መቀጠሉ ነው። ስለዚህ ያመለጠችህ ኳስ ከመስታወቱ ተመልሳ ሁለተኛ ዕድል ትሰጥሃለች። በውድድር ደረጃ ጨዋታው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሁለት ለሁለት ነው።

አንድ ሰው የሚጠብቀው ስፋት እንግዲህ አምስት ሜትር ብቻ ነው። አምስት ሜትር ለማንም ወጣት ሦስት እርምጃ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ጠባብ ሜዳ እንዴት ክፍት ቦታ ይገኝበታል? መልሱ ከሩጫ ጋር አይገናኝም፤ ከአቋቋም ነው።

ከልጅነታችን የለመድነው

እኛ ሰፈር ስናድግ ሁለት ዓይነት አቋቋም ተምረናል። አንደኛው የገና ነው። ገና የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ተብለው ውድድር ከሚደረግባቸው ጨዋታዎች አንዱ ቢሆንም፣ እኛ የምናውቀው በታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ በ28) ሜዳ ላይ የሚወጣውን ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ሁሉም ሩሯን ይከተላል። ሩሯ ባለችበት ሃምሳ ሰው አለ፤ ሩሯ በሌለችበት ማንም የለም። ብልህ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ብቻ ከግርግሩ ወጣ ብለው ሩሯ የምትወጣበትን አቅጣጫ ይጠብቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያገቡት እነሱ ናቸው። የእኔና የጓደኛዬ የመረብ ኳስ አጨዋወት ልክ እንደ ገናው ግርግር ነበር።

ሁለተኛው የጆተኒ ነው። ጆተኒ በጥንድ ስንጫወት አንዱ የበረኛውንና የተከላካዮቹን ዘንግ ይይዛል፤ ሌላው የአማካዮቹንና የአጥቂዎቹን። አንዱ ኋላ፣ አንዱ ፊት። ይህ አከፋፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሥራውንም በግልጽ ይለያል። ለዚህ ነው ማንኛውም ጀማሪ ጥንድ ሜዳ ሲገባ ሳያስበው «አንተ ፊት ሁን፣ እኔ ኋላ ልሁን» የሚባባለው።

በፓደል ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አንዱ መረቡ ስር፣ አንዱ መስታወቱ ስር ሲቆሙ በመካከላቸው ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ ሰያፍ ክፍት መንገድ ይፈጠራል። ተጋጣሚ በዚያ መንገድ ከላከ ፊት ያለው ወደኋላ መዞር፣ ኋላ ያለው ወደፊት መሮጥ አለበት። ሁለቱም ዘግይተዋል። ከዚያ የሚከተለውን ታውቁታላችሁ፤ «ያንተ ነበረች!»

ሁለቱም ፊት፣ ወይም ሁለቱም ኋላ

የፓደል ጥንድ የሚንቀሳቀሰው እንደ ጥማድ በሬ ነው። ቀንበር ላይ ያሉ በሬዎች አንዱ ቀድሞ ከሄደ ቀንበሩ ይጣመማል፤ ትልሙም ይጠማዘዛል። ጥንዱም ፊት ከሆነ ሁለቱም ፊት፣ ኋላ ከሆነ ሁለቱም ኋላ መሆን አለባቸው። በመካከላቸው የማይታይ ከሦስት እስከ አራት ሜትር የሚሆን ቀንበር አለ ብሎ ማሰብ ይጠቅማል።

ሁለት ደህና ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የማጥቂያ ቦታ ነው፤ ከመረቡ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ግድም። ለምን ይሄ ቦታ ይጠቅማል? አንደኛ፣ ኳሷን ቶሎ ስለምትመልሳት ተጋጣሚህ ለመዘጋጀት ጊዜ ያጣል። ሁለተኛ፣ አንተ ከላይ ወደ ታች ትመታለህ፤ እሱ ግን ከታች ወደ ላይ ለማንሳት ይገደዳል። ሦስተኛ፣ ወደ ጎን ሰፊ ማዕዘን ታገኛለህ። ነገር ግን መረቡን ደረትህ እስኪነካው ድረስ ከተጠጋህ በአናትህ ላይ አሳልፈው ይልኩብሃል።

ሁለተኛው የመከላከያ ቦታ ነው፤ ከሰርቭ መስመሩ ኋላ። 10 ላይ 6.95 ስንቀንስ 3.05 ሜትር ይቀራል። ተከላካዮች የሚኖሩት በዚህች ሦስት ሜትር ውስጥ ነው፤ ጉልበት በርከክ አድርገው፣ ኳሷ ከመስታወቱ ስትመለስ ለመምታት የሚያስችል ቦታ ከኋላቸው ትተው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ሰው ከመስታወቱ የምትመለሰውን ኳስ መምታት አይችልም፤ ራሷ ትመታዋለች።

ከሁለቱ መካከል፣ የሰርቭ መስመሩ አካባቢና ከፊቱ ያለው፣ የማንም ያልሆነ መሬት ነው። እዚያ የቆመ ሰው ኳሷ እግሩ ስር ትወድቅበታለች፤ ለመብረርም ለመንጠርም የቀረበች ስለሆነች ምንም ሊያደርጋት አይችልም። በዚያ ማለፍ ይቻላል፤ መኖር ግን አይቻልም። ጀማሪዎች በብዛት የሚቆሙት እዚያ ነው። ምክንያቱም ከፊትም ከኋላም እኩል የራቀ ስለሆነ የሚያስተማምን ይመስላል። መወሰን የፈራ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብሮ ወደ ጎን መሄድ

ቀንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይሠራል። ጥንዱ መረቡ ላይ ነው እንበል። ኳሷ በተጋጣሚዎች ሜዳ ከእኛ በስተግራ ባለው ጥግ ላይ ናት። ሁለታችንም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ እንሄዳለን። በግራ ያለው የዳሩን መንገድ ይዘጋል፤ ማለትም በጎኑ ቀጥ ብላ የምትመጣውን። በቀኝ ያለው ወደ መሐል ተጠግቶ መሐሉን ይይዛል። በስተቀኝ ያለው ሩቅ ጥግ ክፍት ይቀራል።

«ክፍት ቀረ እኮ!» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ሆን ተብሎ ነው የቀረው። ኳሷ እዚያ ለመድረስ ከሁሉም የረዘመውን መንገድ መጓዝ፣ በጣም ጠባብ በሆነ ማዕዘን ማለፍ አለባት፤ እስክትደርስ ድረስ ለእኛ ጊዜ አለን። ሁለት ሰው አሥር ሜትሩን በሙሉ መዝጋት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ምን እንዝጋ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛውን ክፍት እንተውለት?» የሚል ነው። የሚተወው ለተጋጣሚ ከሁሉም የከበደው ነው። መምህሩ «ኳሷ ራሷ ወደኛ ትመጣለች» ያሉት ይሄን ይመስለኛል። ቀላሉን መንገድ ሁሉ ዘግተው፣ ኳሷ እነሱ ወዳሉበት ከመሄድ ሌላ ምርጫ እንዳይኖራት አድርገው ነበር።

የመሐል ኳስ የማን ናት?

ወዳጅ የሚያጣላው ይህ ነው። መሐል የምትመጣ ኳስ የሁለቱም ስለሆነች የማንም አትሆንም። ጥሩ ጥንዶች ይህን ሜዳ ላይ አይከራከሩበትም፤ ከመግባታቸው በፊት ይስማማሉ። ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ኳሷ ከምትመታበት ፊት ለፊት ያለው ዳሩን ስለሚጠብቅ፣ በሰያፍ ያለው ተጣማሪው መሐሉን ይወስዳል። ኳሷ ልክ ከመሐል ከተመታች ደግሞ በመሐል በኩል ጠንካራው ምቱ ያለው ሰው ቅድሚያ ያገኛል።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ የአርጀንቲናው ተወላጅ ፈርናንዶ ቤላስቴጊንና ሁዋን ማርቲን ዲያዝ ናቸው። ቤላስቴጊን ከ2002 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ለ16 ዓመት በተከታታይ የዓለም አንደኛ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ 13 ዓመቱን የተጫወተው ከዲያዝ ጋር ተጣምሮ ነው። ዲያዝ ግራኝ ሲሆን በቀኝ በኩል ይቆማል፤ ቤላስቴጊን ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሲሆን በግራ በኩል። አስቡት፤ የሁለቱም ዋና እጅ ወደ መሐል ነው። ብዙ ጊዜ የጥንድ ደካማ ቦታ የሚሆነው መሐሉ ለእነሱ ምሽግ ሆነላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተከታታይ 47 ግጥሚያ ያሸነፉት አርቱሮ ኮኤሎና አጉስቲን ታፒያም እንዲሁ ናቸው፤ ግራኙ ኮኤሎ በቀኝ፣ ታፒያ በግራ።

ከስምምነቱ በተጨማሪ አፍ ያስፈልጋል። «የኔ»፣ «ያንተ»፣ «ተዋት»። ሦስት ቃል ይበቃል፤ ነገር ግን ኳሷ ከመድረሷ በፊት መነገር አለበት። «ያንተ» የሚለው ቃል ቀድሞ ከተነገረ እርዳታ ነው፤ ኳሷ ከወደቀች በኋላ ከተነገረ ክስ ነው። እኔና አብሮ አደጌ ያን ዕለት ቃሉን የተናገርነው ሁልጊዜ ዘግይተን ነበር።

ቦታ መንጠቅና ቦታ አለማስነጠቅ

መረቡን የያዘ ጥንድ ጥቅም አለው ካልን፣ ኋላ ያሉት እንዴት ይነጥቁታል? መልሱ ሎብ ነው፤ ኳሷን በተጋጣሚዎች አናት ላይ ከፍ አድርጎ አሳልፎ መስታወቱ አጠገብ መጣል። እነሱ ፊታቸውን አዙረው ሲሮጡ እኛ ሁለታችንም ወደ መረቡ እንወጣለን። አንዲት ኳስ አራቱንም ሰዎች ቦታ አቀያየረች ማለት ነው። ኃይለኛ ምት ግን ከታች ሆኖ ቢመታም ብዙ ጊዜ ፊት ያሉት ሰዎች ራኬት ላይ ነው የሚያርፈው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሎቧ አጭር ከሆነች ወደፊት መውጣት ራስን ለእሩምታ ማቅረብ ነው፤ ባሉበት መጠበቅ ይሻላል። ወደፊት ስንወጣም ተጋጣሚ ሊመታ ራኬቱን ባነሳበት ቅጽበት ባለንበት በሁለት እግር ቆም ማለት አለብን። እየሮጠ ያለ ሰው ወደፊት እንጂ ወደ ጎን መሄድ አይችልም።

በሌላ በኩል ፊት ያሉት ሎብ ሲመጣባቸው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አያነጥፉም። ስማሽ ያምራል፤ ሰው ያስጨበጭባል። ነገር ግን ከመስታወቱ ተመልሳ ለተከላካዩ የምትመች ኳስ ልትሆን ትችላለች፤ መቺው ደግሞ ሚዛኑን ስቶ ከቦታው ወጥቷል። ስለዚህ ባለሙያዎች ባንዴሃ የሚባለውን ምት ይመርጣሉ። ቃሉ በስፓኒሽ ሰርቪስ ትሪ ማለት ነው፤ አስተናጋጅ ትሪ እንደሚይዘው እጅን ከፍ አድርጎ፣ በመካከለኛ ኃይል፣ ጠለቅ አድርጎ መላክ። ዓላማው ነጥብ ማግኘት አይደለም፤ ቦታውን አለማስነጠቅ ነው። ነጥቡ ቦታውን ለያዘ ሰው በኋላ ይመጣለታል።

ሰርቭም የሚገዛው በዚሁ ሐሳብ ነው። በፓደል ሰርቭ የሚደረገው ኳሷን መሬት አንጥሮ ከወገብ ባልበለጠ ከፍታ ወደ ሰያፍ በመምታት ስለሆነ በጉልበት ነጥብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሰርቩ ጥቅም መረቡን ቀድሞ ለመያዝ መፍቀዱ ነው። ተጣማሪው ከመጀመሪያውኑ ፊት ይቆማል፤ ሰርቭ ያደረገው ወዲያው ወጥቶ ይቀላቀለዋል። ተቀባዮቹ ሁለቱም ኋላ ናቸው። አንዳንድ ጥንድ ደግሞ የአውስትራሊያ አቋቋም የሚባለውን ይጠቀማል፤ ሁለቱም በአንድ ጎን ተሰልፈው ሰርቩ እንደተደረገ መቺው ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ የለመደውን ጎን ሳይለቅ ይጫወታል።

ሞላሌ ላይስ?

የመስታወት ሜዳ ውድ ነገር ነው። ነገር ግን አቋቋምን ለመማር መስታወት አያስፈልግም። የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ገመዱን ዝቅ አድርጎ ወገብ በታች ማሰር፣ ከገመዱ ወደ ሰባት ሜትር አካባቢ በኖራ መስመር ማስመር ይበቃል። የእንጨት ራኬትና ያረጀ የቴኒስ ኳስ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም በእጅ እየወረወሩ መቀባበል ይቻላል። እኔና ጓደኛዬ የሞከርነው ከዚህም የቀለለ ነበር። አራት ሜትር የሚሆን ገመድ ወገባችን ላይ አስረን ኳስ ያስወረወርነው ታናሽ ወንድሙን ነው። ገመዱ ሲወጠር አንዳችን ጓደኛችንን ትተነዋል ማለት ነው፤ መሬት ላይ ሲንዘላዘል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበናል ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከስንት ወር ጨዋታ የበለጠ ተማርን። የሰፈሩ ልጆች ሲስቁብን መዋላቸውን ግን አልደብቅም።

አንድ የደጋ ጉዳይ ልጨምር። ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ትፈጥናለች፣ ትርቃለች፣ ከፍ ብላም ትነጥራለች። የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚጫወት ጥንድ ሎቡን ዝቅ ባለ ኃይል መምታት፣ መረቡ ላይ ሲቆምም ኳሷ ቶሎ ስለምትደርስበት ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ማለት ያዋጣዋል።

በመጨረሻ

ይህን ሁሉ ሳነብና ስጽፍ የገባኝ አንድ ነገር አለ። በጥንድ ጨዋታ ውስጥ ጎበዝ የሚባለው ብዙ ኳስ የሚመታው አይደለም። ተጣማሪው ሲመታ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ነው። ከአንድ ጨዋታ ውስጥ ግማሹን ጊዜ ኳሷ ወደ ሌላው ሰው ነው የምትሄደው፤ በዚያን ጊዜ የምታደርገው ነገር ነው ጓደኛ የሚያደርግህ።

ለፋሲካ ወደ ሞላሌ ስንመለስ መምህራኑን እንደገና ገጠምናቸው። ከመግባታችን በፊት የመሐሏ ኳስ የማን እንደሆነች ተስማማን። ከሦስቱ ዙር ሁለቱን ተሸነፍን፤ ሻይና ፓስቲውንም ጋበዝን። ነገር ግን በመሐላችን የወደቀች ኳስ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የኔ ነበረች።